ፈተናው የሚለካው ምንን ነው? የሙያ ፈቃድና የተስፋ ሸክም

በአገራችን ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ወደ ሥራ ለመሰማራት ዲግሪ መያዝ ብቻ ይበቃ የነበረበት ዘመን አልፏል። የሕግ ተመራቂዎች ከ2003 ዓ.ም. አንሥቶ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ሲወስዱ ቆይተዋል። የጤና ባለሙያዎች ብሔራዊ የሙያ ፈቃድ ፈተና በ2011 ዓ.ም. ተጀመረ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የመውጫ ፈተና በመንግሥትም በግልም ተቋማት ለሚማሩ የመጀመሪያ ዲግሪ ዕጩ ተመራቂዎች ተሰጠ፤ በዚያ ዙር ከተፈተኑት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ አምጥተው ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ።

ሁለቱ ፈተናዎች በዓላማ ይለያያሉ። የመውጫ ፈተና ተማሪው የተማረውን ማወቁን ይጠይቃል፤ የሙያ ፈቃድ ፈተና ግን ሕዝብ ራሱን ለዚህ ሰው አምኖ ቢሰጥ ጉዳት አይደርስበትም ወይ ብሎ ይጠይቃል። በተፈታኙና በቤተሰቡ ላይ የሚጭኑት ጭንቀት ግን አንድ ዓይነት ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንሻውም ይህ ጭንቀት የተፈታኙ የግል ችግር ብቻ አለመሆኑን ነው። ከልክ ያለፈ ጭንቀት ፈተናውን ራሱን ያዛባዋል፤ የተዛባ ፈተና ደግሞ ሕዝብን መጠበቅ አይችልም።

በቅድሚያ ፈተናው አስፈላጊ መሆኑን እናምናለን። ከደራ ወይም ከዘጌ ታሞ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ ገበሬ በፈለገ ሕይወት ወይም በጥበበ ጊዮን ሆስፒታል የሚመረምረው ሐኪም ዕውቀቱ ምን ያህል እንደሆነ የሚያጣራበት መንገድ የለውም። ልብስ ሲገዛ ጨርቁን በእጁ ይዳስሳል፤ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ያያል። ሐኪሙን ግን አምኖ ከመቀበል በቀር ምርጫ የለውም። ስለዚህ ሌላ አካል በእርሱ ፈንታ መመርመር አለበት፤ የሙያ ፈቃድ ትርጉሙም ይኸው ነው።

ይህ አስተሳሰብ ለጣና ዙሪያ እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር ወደ ጋይንት፣ ወደ ቤተ ልሔም ወርዶ ካልተመሰከረለት በሙሉ መምህርነት አይታወቅም። ዝማሬና መዋሥዕት የተማረም ምስክሩ ዙር አምባ ነው። ይህ በአንድ ቦታ በታወቁ መምህራን የሚሰጥ ፈቃድ ነው ማለት እንችላለን። ነገር ግን ከዛሬው ፈተና የሚለይበት ቁም ነገር አለ። መምህሩ ደቀ መዝሙሩን በአንድ ጠዋት ብቻ አይመዝነውም፤ ዜማውን ደጋግሞ ይሰማዋል፣ ስሕተቱን ያርመዋል። ያልጸናው ተማሪ «ገና ነው» ይባልና ተመልሶ ይቀጽላል። «ገና ነው» የሚለው ቃል ስለ ትምህርቱ እንጂ ስለ ሰውየው አይናገርም።

የዘመኑ ፈተና በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን በጥቂት ቀናት ስለሚፈትን እንዲህ ሊታገሥ አይችልም። መሣሪያ ነውና እንደ ማንኛውም መሣሪያ ስሕተት አለው። የጣና ሐይቅ ውኃ ከክረምቱ ዝናብ በኋላ በመስከረም አካባቢ ከፍ ይላል፤ ዝናቡ ከመጠናከሩ በፊት በሰኔ አካባቢ ዝቅ ይላል። በነፋሻ ቀን ደግሞ ማዕበሉ በመለኪያው ዘንግ ላይ ውኃውን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። በመሆኑም አንድ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ «የጣና ከፍታ ይህ ነው» ብሎ የሚደመድም የውኃ ባለሙያ አይኖርም።

ይህንኑ በቁጥር እንመልከተው። ማለፊያው 50 የሆነ የ100 ጥያቄ ፈተና አለ እንበል። ጥያቄዎቹ ከሰፊ የጥያቄ ባንክ በዕጣ የወጡ ናቸው፤ አንድ ተፈታኝ ከባንኩ ጥያቄዎች ውስጥ 53 በመቶውን በትክክል ይመልሳል። ይህ ሰው በእርግጥ ከማለፊያው በላይ ነው። ሆኖም በዕጣ የሚደርሱት ጥያቄዎች ስለሚለያዩ ብቻ ከ50 በታች የማምጣት ዕድሉ 24 በመቶ ያህል ነው፤ ከአራት አንድ ማለት ነው። በአንጻሩ ችሎታው 47 የሆነና ማለፍ የማይገባው ተፈታኝ የማለፍ ዕድሉ 31 በመቶ ገደማ ይሆናል። በዚህ ስሌት ውስጥ ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የመብራት መቋረጥ አልገቡም። እንግዲህ 49 ያመጣውን «ሰነፍ»፣ 51 ያመጣውን «ጎበዝ» ብለን ስንለያቸው መሣሪያው የማይነግረንን ነገር በራሳችን እየጨመርንበት ነው።

በዚህ ላይ ፍርሃት ይጨመራል። ፍርሃት ሁሉ ጎጂ አይደለም። ዬርክስና ዶድሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1908 ባሳተሙት ጥናት አይጦች ሲሳሳቱ በኤሌክትሪክ ንዝረት እየቀጡ አስተምረዋቸው ነበር። ሥራው ቀላል ሲሆን ጠንካራ ንዝረት ትምህርቱን አፋጠነ፤ ሥራው ሲከብድ ግን የተሻለ ውጤት የተገኘው በመካከለኛ ንዝረት ነበር። ዛሬ ስለ ሰው የምናውቀውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። አእምሮ በአንድ ጊዜ ይዞ ሊያሰላስለው የሚችለው ነገር ውስን ነው፤ «ብወድቅ እናቴ ምን ትላለች?» የሚለው ሐሳብ ከዚህ ጠባብ ቦታ ላይ ድርሻውን ይወስዳል። ቤይሎክና ካር እ.ኤ.አ. በ2005 በሒሳብ ጥያቄዎች ላይ ባደረጉት ጥናት በግፊት ሥር ውጤታቸው ይበልጥ የቀነሰው ይህ የማሰላሰል አቅማቸው ከፍተኛ የነበሩት ሰዎች ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ ከልክ ያለፈ ግፊት ደካማውን ከብርቱው አጥርቶ አይለይም፤ እንዲያውም ብርቱውን ወደ ደካማው ያቀርበዋል።

ይህ ግፊት ከየት ይመጣል? በአብዛኛው ከፍቅር ይመጣል። ቡናውን ወይም ጌሾውን ሸጦ፣ አንዳንዴም የእርሻ በሬውን ለገበያ አውጥቶ ልጁን ያስተማረ አባት በዓመታት ውስጥ ያጠራቀመው ተስፋ አለው። ልጅቱ ሕክምና ትምህርት ቤት በገባች በመጀመሪያው ዓመት ጎረቤት «ዶክተር» ብሎ ይጠራታል። ታናናሾቿ በእርሷ ደመወዝ ሊማሩ ይጠባበቃሉ። የፈተናው ቀን ሲደርስ የምትመልሰው ስለ ሳንባ ምች ብቻ አይደለም፤ ስለ ቤቱ ዕዳ ጭምር ነው። በሽምግልና የሚያማክሩን፣ በዕድር የሚያስቡልን ሰዎች ሁሉ ውጤቱን ይጠይቃሉ። ክፋት አስበው አይደለም፤ ነገር ግን መልሱ ሁለት ብቻ ሲሆን፣ «አለፈች» ወይም «ወደቀች»፣ ያላለፈችው ልጅ ወደ መንደሯ የምትገባበት መንገድ ይጠፋታል።

ተቋማትም ከዚህ ግፊት ነፃ አይደሉም። ዩኒቨርሲቲዎች በአሳለፏቸው ተማሪዎች ቁጥር መነጻጸር ሲጀምሩ የመጨረሻው ዓመት ያለፉ ጥያቄዎችን ወደ መሸምደድ ያዘነብላል። ዶናልድ ካምቤል የተባሉ አሜሪካዊ የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳስገነዘቡት አንድ መለኪያ ለትልልቅ ውሳኔዎች በብቸኝነት ባገለገለ መጠን መለኪያውም የሚለካው ነገርም ለመበላሸት ይጋለጣሉ። ኩረጃም የሚወለደው ከዚሁ ነው። በኩረጃ የተገኘ ፈቃድ ዞሮ ዞሮ የሚጎዳው ያንኑ ከዘጌ የመጣ ሕመምተኛ ነው።

«ታዲያ ማለፊያውን እናውርደው?» ለሚሉን መልሳችን በፍጹም አይደለም ነው። «ደጋግመው ይፈተኑ» የሚለው መፍትሔም ብቻውን አይበቃም። ወደ ስሌታችን ስንመለስ ችሎታው 53 የሆነው ሰው ሁለት ጊዜ ቢፈተን በሁለቱም የመውደቅ ዕድሉ ወደ 6 በመቶ ይወርዳል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ችሎታው 47 የሆነውም በሁለት ሙከራ አንዱን የማለፍ ዕድሉ ከግማሽ ይበልጣል። ለተፈታኙ የሚደረግ ርኅራኄ በሕመምተኛው ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ሁለቱንም የሚጠቅመው መለኪያውን ማሻሻል ነው። የጥያቄዎቹ ቁጥር በአራት እጥፍ ቢጨምር ቀደም ብለን ያየነው የዕጣ ስሕተት በግማሽ ይቀንሳል። ይህ በአንድ ቀን አይቻልም፤ በዓመታት ውስጥ ተከፋፍሎ ግን ይቻላል። በተለይ በጤና ሙያ የጽሑፉን ፈተና ሕመምተኛን በመመርመርና በእጅ በመሥራት የሚሰጥ የተግባር ምዘና ቢደግፈው በወረቀት የማይታየው ብቃት ይታያል።

የእኛ የመምህራኑ ድርሻ ከሁሉ የቀረበ ነው። ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች ያነበቡትን ደግመው ከማንበብ ይልቅ ራሳቸውን ቢፈትኑ ከሳምንት በኋላ የበለጠ እንደሚያስታውሱ አሳይተዋል። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ነጥባቸው አነስተኛ የሆነ ተደጋጋሚ አጫጭር ፈተናዎች ብንሰጥ ተማሪው ዕውቀቱን ያጸናል፤ ፈተናንም ይለምደዋል። የዛሬው የፔዳ ግቢ መጠሪያውን ያገኘው በ1960ዎቹ አጋማሽ መምህራንን ለማሠልጠን ከተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው። ስለ ምዘና ጥበብ መነጋገር ከዚህ ግቢ የበለጠ የሚገባው ስፍራ አይታየንም።

ፈታኙ አካልም ውጤትን በአንድ ቁጥር ብቻ ባያሳውቅ እንመርጣለን። በእናቶችና ሕፃናት ክፍል በቂ፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል ገና የሆነ ተፈታኝ ይህንኑ ቢነገረው የት ላይ እንደሚያጠና ያውቃል። የሚቀጥለው ፈተና ቀን አስቀድሞ ቢታወቅ፣ እስከዚያም በኃላፊ ባለሙያ ሥር ሆኖ የሚለማመድበት ቦታ ቢመቻችለት በአንድ ክረምት ሕይወቱ የቆመ አይመስለውም።

ለወላጆችና ለጎረቤቶች የምናቀርበው ልመናም አለን። ውጤት በተለጠፈ ሰሞን ልጁን «አለፍክ ወይ?» ከማለታችሁ በፊት ወደ ቤት ጥሩት፣ ምሳ አብሉት። ካላለፈም የቤተ ልሔም መምህራን ለደቀ መዝሙራቸው የሚሉትን በሉት፦ ገና ነው። ፈቃዱ ሊዘገይ ይችላል፤ ሊዘገይ የሚገባበት ጊዜም አለ። ልጁ ግን እስከዚያ ድረስ በጤና ተቀምጦ ማጥናት መቻል አለበት።