ከሥዕሉ ወጥቶ ጥዱን የሚያይ ጥቂት ነው

ጎንደር የመጣ እንግዳ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ በጣሪያው ላይ የተሳሉትን መላእክት አይቶ ይወጣል። በቅጥሩ ውስጥ የቆሙትን ጥዶች ዞር ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው። የከተማው ሰውም ቢሆን ያው ነው።

በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ይህን ደብር ያተረፈው የንብ መንጋ ነው ይባላል። ንብ ደግሞ አበባ ይፈልጋል። መስከረም ላይ ከከተማ ወጣ ሲባል የማሳውን ዳር ቢጫ የሚያለብሰው አደይ አበባ አንዱ ቀለቡ ነው፤ ደጋው ማር የሚቆርጠውም ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ግን ብዙ የከተማ ልጅ አደይን የሚያውቀው ታስሮ ሲሸጥ ነው። ዋልያንም በብሔራዊ ቡድኑ ስም ያውቀዋል፤ እንስሳው በዓለም ላይ ያለው እዚያው ሰሜን ተራሮች ላይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ!

እሺ፣ የደባርቅ መንገድ በጸጥታው ምክንያት እንደ ልብ አይኬድበትም ይባል። የደብሩ ጥድ ግን በእግር ይደረስበታል። ትምህርት ቤቶች መስከረም ላይ ልጆቹን ለግማሽ ቀን አውጥተው ጥዱን ከወይራው፣ አገር በቀሉን ከባሕር ዛፍ ቢያስለዩ ምን ያስወጣቸዋል? ባሕር ዛፍ ማገዶና ማገር ይሰጣል፣ ክፉ አይባልም፤ ከሥሩ ግን ሣርና አበባ እምብዛም አይበቅልም። ይህን በዓይኑ ያላየ ልጅ ነገ አድጎ የአንድ ደብር ጥድ ለአዳራሽ ይቆረጥ ሲባል ምን ብሎ ይከራከራል? አስጎብኚ ፍለጋም ሩቅ አያስኬድም፤ የደብር ዘበኛና የአብነት ተማሪ ዛፉንም ወፉንም ከማንም በላይ ያውቃሉ።