ቡአን መደበቅ እስከ መቼ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። ይህ አባባል እንደ ቡአ፣ በሕክምናው አጠራር ሄርኒያ፣ የሚስማማው ሕመም ያለ አይመስለኝም። ብሽሽቱ ላይ እብጠት ያየ ሰው ቦታው ስለሚያሳፍረው ለሚስቱ እንኳ ሳይናገር ዓመታት ያሳልፋል። ሲጠየቅም «ከባድ ዕቃ አንስቼ ነው፤ ሳርፍ ይተወኛል» ይላል።

ይህ ግማሽ እውነት ነው። ሄርኒያ የሚፈጠረው የሆድ ግድግዳ በሳሳበት ቦታ አንጀት ወይም የሆድ ስብ ገፍቶ ሲወጣ ነው። የሳሳው ቦታ ከልደት ጀምሮ ሊኖር፣ በዕድሜ ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሊመጣ ይችላል። ግፊቱን የሚጨምረው ደግሞ ሸክም ብቻ አይደለም። የቆየ ሳል፣ በሆድ ድርቀት ምክንያት ማማጥ፣ ሽንት እንቢ ሲል መታገል፣ እርግዝናና ከልክ ያለፈ ውፍረትም አሉበት። ስለዚህ ኩንታል ተሸክመው ባያውቁም «እኔን አይነካኝም» አይበሉ። ሳልዎን ይታከሙ፤ ሲጋራ ያቁሙ፤ አትክልትና ውኃ ያዘውትሩ።

ዕቃ ሲያነሱ ጉልበትዎን አጥፈው፣ ዕቃውን ወደ ሰውነትዎ አስጠግተው፣ ትንፋሽዎን ሳያፍኑ ይነሡ። 100 ኪሎ የሚመዝን ኩንታል ግን በየትኛውም ዘዴ ለአንድ ሰው ጀርባ የሚገባ አይደለም። አሠሪዎች ጋሪ ሊያቀርቡ ወይም ጭነቱን ሊያካፍሉ ይገባል።

እብጠቱ ሲተኙ ተመልሶ መግባቱ ድኗል ማለት አይደለም። በአዋቂ ሰው ላይ የወጣ ሄርኒያ በመቀነት በማሰር፣ በመታሸት ወይም በቅጠል አይድንም። የሚያድነው ቀዶ ሕክምና ነው፤ መቼ እንደሚደረግ ከሐኪምዎ ጋር ይመክራሉ። ሴቶችም ቢሆኑ ቸል አይበሉ፤ ከብሽሽት ዝቅ ብሎ ጭን ሥር የሚወጣው ዓይነት ቶሎ ይታነቃል።

እብጠቱ አልመለስ ካለ፣ ከጠነከረና ድንገት ካመመ፣ ማስመለስና የሆድ መነፋት ከተከተለ አንጀቱ ታንቆ ደም አጥቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ የሚቆጠረው ቀን ሳይሆን ሰዓት ነው። ገፍተው ለማስገባት አይታገሉ፤ ምግብም ውኃም ሳይቀምሱ ወዲያውኑ ሆስፒታል ይድረሱ።

ሐኪም ፊት የሚሰማ ሐፍረት የደቂቃዎች ነው፤ የዘገየ ሰው ግን አንጀቱን፣ አንዳንዴም ሕይወቱን ያጣል። እብጠት ካለብዎ ዛሬውኑ ለቤተሰብዎ ይንገሩ፤ ሳይታመም ይታዩ።