ሳይናገሩት የሚጠና ቋንቋ

በይፋት ከተሞች በማጀቴም ሆነ በሸዋሮቢት፣ በአብዛኛው የአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ጭምር፣ እንግሊዝኛ የሚሰጠው ሳይመረመር በቆየ አንድ እምነት ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ቋንቋ መጀመሪያ ተጠንቶ ያልቃል፣ መናገር ከዚያ በኋላ በራሱ ጊዜ ይመጣል የሚል። ተማሪው ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይማራል፤ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። እስከዚያ ድረስ ቴንሱን፣ አክቲቭና ፓሲቭ ቮይሱን፣ ኮንዲሽናሉን ከሰሌዳ ወደ ደብተር ሲገለብጥ ኖሯል። ስለ ቋንቋው ብዙ ያውቃል፤ በቋንቋው ግን ትናንት ምን ሲሠራ እንደዋለ በተከታታይ ሦስት ዓረፍተ ነገር ለመናገር ይቸገራል። ጥፋቱን በልጁ ስንፍና ወይም በገጠር መወለዱ ማሳበብ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። የተቸገረው በየቀኑ እንዲያደርገው ተጠይቆ የማያውቀውን ነገር ለማድረግ ነው።

የተገላቢጦሹን መንገድ የሚያሳይ ማስረጃ በራሳችን ታሪክ ውስጥ አለ። ከኢትዮ-ሶማሊያ ጦርነት በኋላ፣ ከ1971 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ታዳጊዎች ወደ ኩባ ተልከው ነበር፤ ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ያጡ ናቸው። ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ በምትባለው ደሴት በአዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። ስፓኒሽን ከዜሮ ጀመሩ፤ በዚያው ቋንቋ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው ሐኪምና መሐንዲስ እስከመሆን የደረሱ አሉ። የደሴቲቱ ትምህርት ቤቶች ግማሹን ቀን ለክፍል፣ ግማሹን ደግሞ ለብርቱካንና ለመሰል ፍራፍሬዎች እርሻ የመደቡ ነበሩ። በእንዲህ ዓይነት ቦታ ጠዋት የተሰማ ቃል ከሰዓት በኋላ ያስፈልጋል፤ ቅርጫት ለመቀበል፣ መታመምን ለማስረዳት፣ ከጓደኛ ጋር ለመጣላትና ለመታረቅ። እነዚህ ልጆች ዛሬ ማጀቴ ውስጥ ዴስክ ላይ ከተቀመጡት የተለየ አእምሮ አልነበራቸውም። የተለየው ነገር ቋንቋውን አውቀው እስኪጨርሱ ሳይጠብቁ፣ በጥቂቱም በስህተቱም በየዕለቱ መጠቀም መጀመራቸው ነው።

ወዲያው የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ተገቢም ነው። ኩባ የሄዱት ልጆች ዙሪያቸው ሁሉ ስፓኒሽ ነበር፤ የማጀቴ ተማሪ ከትምህርት ቤት ሲወጣ እንግሊዝኛ ከማን ጋር ያወራል? ነገር ግን በቋንቋ መከበብ ብቻውን ቢበቃ ኖሮ፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ መጽሐፍና በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ተከቦ ስለሚውል ችግሩ በአንድ ዓመት ውስጥ በተቃለለ ነበር። ተመራማሪዋ ካትሊን ሂውና ባልደረቦቿ በ1999 ዓ.ም. ገደማ ለትምህርት ሚኒስቴር ያቀረቡት ጥናት የ8ኛ ክፍል ውጤቶችን አነጻጽሮ ያገኘውም መከበብ ብቻውን እንደማይበቃ የሚያሳይ ነው፤ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ በተማሩባቸው ክልሎች ውጤቱ በእንግሊዝኛም ጭምር የተሻለ ነበር። በሌላ በኩል፣ ቋንቋ ሳይከበቡም ሊለመድ እንደሚችል ይፋት ራሱ ይመሰክራል። እሑድ እሑድ በሚቆመው የሰንበቴ ገበያ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ ይገናኛል። ብዙው ነጋዴ የጎረቤቱን ቋንቋ በክፍል አልተማረም፤ በቤቱም ቀኑን ሙሉ አይሰማውም። ዋጋ ከመጠየቅና ከመቁጠር ጀምሮ፣ ገበያ በቆመ ቁጥር እየተጠቀመበት፣ እየተሳሳተና እየታረመ ለመደው። ከኩባው ታሪክ ወደ ማጀቴ ክፍል ሊመጣ የሚችለው ይኸው ነው፤ መደጋገሙና መጠቀሙ። ደሴቱን ማምጣት አይቻልም፤ አያስፈልግምም።

ታዲያ ክፍሉ ለዚህ ቦታ አለው ወይ? እንደ አሁኑ አሠራር የለውም። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ መምህሩ አንዲት ቃል ሳይናገር ለተማሪዎቹ እኩል ቢከፋፈል፣ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 40 ሰከንድ ነው። መምህሩ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ስለሚናገር የልጁ ድርሻ ከዚህም ይወርዳል፤ ከፊት የሚቀመጡት ሦስትና አራት ደፋሮች ደግሞ የተረፈውን ይወስዱታል። የክፍሉን ብዛት የሚጠቅስ ሁሉ ይህን ስሌት የሚያመጣው ምንም ማድረግ እንደማይቻል ለማሳየት ነው። እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው። በአንድ ዴስክ የተቀመጡ ሁለት ልጆች እርስ በእርስ ለ10 ደቂቃ ቢነጋገሩ ለእያንዳንዳቸው 5 ደቂቃ ይደርሳቸዋል፤ ክፍሉ 60 ይሁን 80 ለውጥ የለውም። ጫጫታ ይኖራል፤ ይኑር። በ1997 ዓ.ም. በየክፍሉ የተሰቀለው ፕላዝማ ቴሌቪዥን ጫጫታውን አጥፍቶልን ነበር። በሳተላይት የሚመጣው መምህር ጥርት ያለ እንግሊዝኛ ይናገር ነበር፤ ጠይቆ ለመልስ ጥቂት ሰከንድ ይሰጥና ልጁ መለሰም አልመለሰም ያልፍ ነበር፤ ሊሰማው አይችልምና። ያ ሁሉ ወጪ የወጣው ልጁ በብዛት ሲሰማ ኋላ ይናገራል በሚለው በዚያው እምነት ነው።

ሁለተኛው የተሳሳተ ልማድ የጊዜ ጉዳይ ነው። እንግሊዝኛ ፈተና ሲቃረብ በቲቶርያልና በክረምት ኮርስ ታጭቆ የሚሰጥ ሆኗል። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት የተሸመደደ ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት እንደሚረሳ፣ ድግግሞሹ በቀናት ሲከፋፈል ግን በአንድ ጊዜ ከመደጋገም የበለጠ እንደሚጸና አሳይቷል፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ በርካታ ጥናቶችም አጽንተውታል። በሸዋሮቢት ሽንኩርት በመስኖ የሚያለማ ገበሬ የወሩን ውኃ በአንድ ቀን አይለቅም። የአካባቢው ነባር ትምህርት ቤቶችም ይህን ያውቃሉ፤ ቁርኣን የሚቀራው ልጅ የትናንቱን ሳያሰማ ወደ ዛሬው አያልፍም፤ የቄስ ተማሪውም ከፊደል ወደ ዳዊት የሚደርሰው በየዕለቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበ ነው። እዚያ ያለው ሽምደዳ ነው፣ ትርጉሙን ሳያውቁ ነው የሚደግሙት የሚል ይኖራል። ለጀማሪው እውነት ነው፤ ሽምደዳውን ወደ እንግሊዝኛ ክፍል እናምጣ አላልኩም። የዕለት ዕለቱን ሥርዓት፣ ሁሉም ልጅ ሳይቀር ድምፅ ማውጣቱን፣ አንዱ በሌላው ፊት መታረሙን እናምጣ ነው የምለው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከነባሩ ሽምደዳውን ወርሶ ድምፁን ትቶታል፤ ይህ የሚያሳዝን ምርጫ ነው።

መምህራን በግልጽ የሚያነሱት ከባድ ተቃውሞ ፈተናው ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ነው፤ ማንንም ተናገር አይልም፤ አንድ አንቀጽ እንኳ አያስጽፍም። ልጁን ለሚፈተነው ማዘጋጀት ግዴታችን ነው ይላሉ። ግን ይህ ዝግጅት ምን አፈራ? በ2014 የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ሁሉ በቋንቋ አላሳብብም፤ የሰሜኑ ጦርነት፣ የመጽሐፍ እጥረቱ፣ የመምህር ኑሮ ሁሉ አለበት። ሆኖም የሒሳቡም የኬሚስትሪውም ጥያቄ የሚነበበው በእንግሊዝኛ ነው፤ ቋንቋውን በየዕለቱ የማይጠቀም ልጅ ጥያቄውን ለመረዳት ሁለት ጊዜ ሲያነብ ሰዓቱ ያልቅበታል። ለፈተና ሲባል ንግግርን መተው ፈተናውንም አልጠቀመም። የመምህሩ እንግሊዝኛ ራሱ ደካማ ነው፣ ልጆቹ ስህተት ይማማራሉ የሚለው ስጋትም አለ። ስህተት ይኖራል፤ በአፍ የወጣ ስህተት ግን ይሰማል፣ ይታረማልም። ሰዋስውም ያን ጊዜ ቦታውን ያገኛል፤ ትናንት የሆነውን ሊናገር ሲል የተሳሳተ ልጅ ያለፈ ጊዜ ግስ ለምን እንደሚያስፈልገው ይገባዋል።

የአካባቢው ከተማ አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል፣ የሰሜኑ ጦርነት በ2014 በዚሁ አካባቢ ሲያልፍ፣ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል በሌላ ግጭት ሲናጥ ብዙ ልጆች ከክፍል ርቀዋል። በዚህ ሁኔታ ስለ ንግግር ልምምድ ማንሳት ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖራል። እኔ ግን ትምህርት በተከፈተ ቁጥር የሚሆነው ያሳስበኛል። ያመለጠውን ምዕራፍ ለመሸፈን ማካካሻ ይታወጃል፤ መምህሩ ይሮጣል፣ ልጁ ይገለብጣል፤ መጀመሪያ የሚሰረዘው ልጆች የሚነጋገሩበት ጊዜ ነው። ይህ ቅደም ተከተል መለወጥ አለበት። ምዕራፍ ቢዘለል መጽሐፉ ቤት ውስጥ ሊነበብ ይችላል፤ የዴስክ ጓደኛ ግን የሚገኘው ክፍል ውስጥ ነው። ለዚህ አዲስ መመሪያ መጠበቅም አያሻም፤ ተከታታይ ምዘናው በመምህሩ እጅ ነው፤ ከእንግሊዝኛው ነጥብ የተወሰነውን ለየዕለቱ 10 ደቂቃ ንግግር መመደብ በሚቀጥለው ሰኞ ሊጀመር ይችላል።