ጉም በሌለበት አገር የጉም ቃላት

ጁባ በነጭ ዓባይ ዳር፣ ከባሕር ወለል በላይ 550 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ደቡብ ሱዳን በ2003 ዓ.ም. ነፃ መንግሥት ስትሆን መዲና የሆነችውም እርስዋ ናት። በ1997 ዓ.ም. የሱዳን የሰላም ስምምነት ከተፈረመ ወዲህ በንግድና በሆቴል ሥራ ለመሰማራት ወደዚያ የተጓዙ ኢትዮጵያውያን ጥቂቶች አይደሉም። ልጆቻቸውንም እዚያው የሚያሳድጉ አሉ። ልጁ በገበያ የጁባ ዐረብኛ፣ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ይሰማል፤ አማርኛ የሚነገረው ግን በቤት ውስጥ ነው።

እንዲህ ላለው ልጅ «ውርጭ»፣ «አመዳይ»፣ «ጭጋግ» የሚሉትን ቃላት ማስተማር ምን ይጠቅመዋል? ላላየው ነገር ስም ከማሸከም ይልቅ «ደመና» እና «ብርድ» ይበቁታል ሊባል ይችላል። አስተያየቱ ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ይሁን እንጂ እነዚህ ቃላት ስለ ሰማይ ብቻ የሚነገሩ አይደሉም። ሰማይ ይጨፈግጋል፤ ያዘነ ሰው ፊትም ይጨፈግጋል። ከንቱ ድካም የሚደክም ሰው «ጉም ይዘግናል» ይባላል። በለጋ ዕድሜው የሞተ ሰው «እንደ ጤዛ ረገፈ» ተብሎ ሲለቀስለት፣ ጤዛን የማያውቅ ልጅ የገዛ እናቱን ኀዘን በግማሽ ጆሮ ይሰማል። በዚህ ጊዜ የጐደለው የአንድ ቃል ፍች ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል።

እርግጥ ነው፣ «ጉም ማለት ጭጋግ ማለት ነው» ብሎ ማለፍ ከማስተማር አይቈጠርም። ጉም በማለዳ ከሸለቆ ተነሥቶ ፀሐይ ሲበረታ ይገለጣል፤ ጭጋግ ግን ሰማዩን ሸፍኖ ቀኑን ሙሉ ሊያጨልም ይችላል። አመዳይ ሣሩን ያነጣል፤ ውርጭ ቡቃያውን ያቃጥላል። በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው በደብረ ብርሃን አካባቢ ያደገ ልጅ ይህን ልዩነት የሚማረው በእግሩ ነው። የጁባው ልጅ በቃል ሊነገረው ይገባል።

በበጋ ወራት የጁባን ሰማይ አዋራ ሲያለብሰው ልጁ «ጉም ነው» ቢል ሊቈጡት አይገባም። ጉም ልብስ ያረጥባል፤ አዋራ ግን ጉሮሮ ያደርቃል ብሎ ማነጻጸር ይበቃል። ቡና ሲፈላም ከጀበናው አፍ የሚወጣውን እንፋሎት ማሳየት ይቻላል፤ እርሱም እንደ ጉም ቀዝቅዞ ወደ ረቂቅ ጠብታ የተለወጠ የውሃ ተን ነውና። ልጁ ጠጋ ብሎ ሊዘግነው ቢሞክር፣ ከመዳፉ ላይ የሚቀረው ጥቂት እርጥበት ብቻ ነው።