«ተኝተሻል ወይ?» ብለን እንጠይቅ



ከጥቂት ወራት በፊት በአንድ ዓርብ ቀን ከጅዳ ስልክ ተደወለልኝ። የደወለችልኝ እናት በሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ባሏ ሞቶባት አንድ ልጇን ለአያቷ ትታ ከአገር ስትወጣ ልጅቱ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ዛሬ ያቺ ልጅ አገር ቤት በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የሕክምና ትምህርቷ የመጨረሻ ዓመት ላይ ናት፤ በሐኪሞቹ አነጋገር ኢንተርን ሆናለች። እናቲቱ ግን የደወለችው ደስታዋን ልታካፍለኝ አልነበረም። «አባ፣ ልጄ ተለወጠችብኝ» አለችኝ። «ስደውል አታነሳም። ብታነሳም ‹ደኅና ነኝ እማዬ› ብላ ትዘጋዋለች። ዶክተር ልትሆን ስትል ናቀችኝ መሰለኝ።»

ልጅቱን ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃት ነበርና እኔም ደወልሁላት። ያገኘኋት በሦስተኛው ቀን ነው። ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ሳለ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ዓይኗን እንዳልከደነች ነገረችኝ። «እናትሽን ለምን በወጉ አታናግሪያትም?» ብዬ ጠየቅኋት። ጥቂት ዝም አለችና፣ «አባ፣ እናቴ በሰው ኩሽና ቆማ እየዋለች እኔ በየትኛው አፌ ደከመኝ ልበላት? ድምፄን በደንብ ከሰማች ታውቅብኛለች፤ ስለዚህ ቶሎ እዘጋለሁ» አለችኝ።

ይህን እንድጽፍ እናትም ልጅም ፈቅደውልኛል። እኔም የምጽፈው ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ ስላልሆነ ነው። ያች እናት ልጇን ከመውደድ አልጎደለችም፤ የተሳሳተችው መዛልን ትዕቢት ብላ በመሰየሟ ነው። ከእናንተም መካከል ልጁን፣ እኅቱን ወይም የወንድሙን ልጅ በሕክምና ትምህርት ቤት የሚያስተምር ብዙ ሰው አለ። «ዶክተር» የሚለው ስም በቤተሰባችን ውስጥ ያለውን ክብር ሁላችንም እናውቃለን። እኔ የምለው ይህ ክብር ራሱ ለወጣቶቹ የአፍ መዝጊያ ሆኖባቸዋል ነው። ድካማቸውን እንዳይናገሩ ሳናውቅ የከለከልናቸው እኛ ስለሆንን፣ እንዲናገሩ በሩን መክፈትም የእኛ ፈንታ ነው።

መዛል ስንል ምን ማለታችን ነው? በሙያው ቋንቋ «በርንአውት» የሚባለውን ቃል በዚህ ትርጉሙ ያስተዋወቀው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቡና ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ስለዚህ ጉዳይ ሲጽፍ መነሻ የሆኑት በኒው ዮርክ ሰውን በነፃ በሚያክም ክሊኒክ ውስጥ አብረውት ያገለግሉ የነበሩ ሰዎች ነበሩ። በ1981 ደግሞ ክሪስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን መዛልን የሚለኩበትን መጠይቅ አሳተሙ፤ ምልክቶቹንም በሦስት ከፈሏቸው። የመጀመሪያው እንቅልፍ እንኳ የማይመልሰው የውስጥ ድካም ነው። ሁለተኛው የልብ መደንደን ነው፤ ሐኪሙ በሽተኛውን «አቶ እገሌ» ማለት ትቶ «አልጋ ቁጥር ሰባት» ይለዋል። ሦስተኛው «ምንም አልረባሁም» የሚል ስሜት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 መዛልን በበሽታዎች ምደባው ውስጥ ሲያሰፍር በሽታ አላለውም፤ በሥራ ቦታ ለረጅም ጊዜ የቆየና መፍትሔ ያላገኘ ጫና የሚያመጣው ክስተት ነው ብሎ መዘገበው።

ይህን አከፋፈል ልብ በሉት። መዛል የስንፍና ልጅ አይደለም። ሰነፍ ሰው ከመነሻው ብዙ አይሰጥምና አይዝልም። ጋዙ ያለቀበት ኩራዝ ክሩን ራሱን ማቃጠል ይጀምራል፤ መዛልም የሚይዘው መስጠቱን ሳያቋርጥ የሚሰጠው ያለቀበትን ሰው ነው።

እናንተ በጅዳ ያላችሁ ደግሞ ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ሆስፒታል ሄዳችሁ ደም ግፊታችሁን የለካችሁ፣ ዓይኑ የቀላው ወጣት ሐኪም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። በዚያ አገር የሕክምና ተማሪ ስድስት ዓመት ተምሮ «ኢምቲያዝ» የሚሉትን የአንድ ዓመት የተግባር ልምምድ ይጨርሳል፤ ከዚያም ስፔሻሊስት ለመሆን ሌሎች ብዙ ዓመታት በሬዚደንትነት ያገለግላል። በጅዳ ባለው የንጉሥ አብዱልአዚዝ ዩኒቨርሲቲና በመካ ባለው የኡሙል ቁራ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ስለ ተማሪዎቻቸውና ስለ ወጣት ሐኪሞቻቸው መዛል በተለያዩ ጊዜያት አጥንተው አሳትመዋል። የሐኪሞችን ሥልጠና የሚመራው የሳዑዲ የጤና ሙያዎች ኮሚሽንም ለሠልጣኞቹ ደኅንነት «ዳዒም» የተባለ መርሐ ግብር አቋቁሟል፤ ትርጉሙ «ደጋፊ» ማለት ነው። ሕንፃው በሚያብረቀርቅበት፣ መድኃኒትና መሣሪያ በማይጎድልበት አገርም ሐኪም ይዝላል። ስለዚህ ነገሩን «የድህነት ጣጣ ነው» ብለን ልንዘጋው አንችልም።

መካ ከጅዳ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም እኛ ክርስቲያኖች የማንገባባት ከተማ ናት። የሐኪሞቿን ድካም ለመረዳት ግን መግባት አያሻንም። በሰኔ ወር 2024 እ.ኤ.አ. ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ለሐጅ በተሰበሰቡበት ጊዜ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ ነበር። ከ1,300 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው እንዳለፈ የአገሩ መንግሥት ራሱ አስታውቋል። ከሟቾቹም ብዙዎቹ ፈቃድ ሳይኖራቸው ጥላና ማረፊያ በሌለበት ረጅም መንገድ በእግር የተጓዙ ነበሩ። በዚያ ሰሞን በሙቀት የወደቀውን ሰው ሰውነት ለማቀዝቀዝ የተሯሯጡት፣ ለሞተውም የሞት ወረቀት የጻፉት ሐኪሞችና ነርሶች ሰዎች ናቸው። ሐጃጁ ወደ አገሩ ሲመለስ ሐኪሙ በማግስቱ ወደዚያው ክፍል ይመለሳል። ያየውን የሚያወርድበት ሰው ካላገኘ ሸክሙን ይዞት ይኖራል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በላዩ ላይ የኑሮ ጭንቀት ይጨመርበታል። በ2011 ዓ.ም. ሐኪሞችና ኢንተርኖች ነጭ ጋውናቸውን ለብሰው ሰልፍ ወጥተው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንሥተው በብዙ የመንግሥት ሆስፒታሎች ከፊል የሥራ ማቆም አድርገዋል፤ በዚያም ምክንያት የታሰሩ ነበሩ። ሐኪም በሽተኛውን ትቶ ሊወጣ ይገባዋልን የሚለው ከባድ ጥያቄ ነው፤ ቀላል መልስ አለኝ አልልም። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ የሰው ነፍስ ሲጠብቅ ያደረ ሰው ጠዋት የቤት ኪራይ ከየት አመጣለሁ ብሎ የሚጨነቅ ከሆነ፣ ጥያቄውን ማንሣቱን እንደ ክሕደት መቍጠር ፍርደ ገምድልነት ነው።

የሐኪም ዕረፍት የሐኪሙ ቅንጦት ብቻ የሚመስለው ካለ አንድ ታሪክ ላንሣ። በ1984 እ.ኤ.አ. አንዲት የ18 ዓመት ወጣት ኒው ዮርክ ውስጥ ሆስፒታል በገባች በሰዓታት ውስጥ ሞተች። ያከሟት ረጅም ሰዓት በሥራ ላይ የቆዩ ጀማሪ ሐኪሞች ነበሩና ጉዳዩ ለዓመታት አከራከረ። በ1989 ያ ግዛት የሬዚደንቶች ሥራ በሳምንት ከ80 ሰዓት፣ በአንድ ጊዜም ከ24 ሰዓት እንዳይበልጥ ደነገገ፤ የ80 ሰዓቱ ወሰን በ2003 በመላው አሜሪካ ሥራ ላይ ዋለ። ሐኪሞች የሚገቡት የጄኔቫ ቃል ኪዳንም በ1948 ሲወጣ ስለ በሽተኛው እንጂ ስለ ሐኪሙ ጤና ያነሣው ነገር አልነበረም። በ2017 ሲሻሻል ግን ሐኪሙ መልካም ሕክምና ይሰጥ ዘንድ የራሱንም ጤና እንደሚጠብቅ ቃል የሚገባበት ሐሳብ ተጨመረበት። ሙያው ራሱ ይህን ለመጻፍ ወደ ሰባ ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል።

ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ አሁን በልባችሁ የምትሉት ይሰማኛል። «እኛስ? ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት የምንቆመው፣ የዕረፍት ቀን የማናውቀው፣ የእኛን መዛል ማን ጠየቀ?» ጥያቄያችሁ እውነት ነው፤ ላስተባብለው አልሞክርም። የሌላ ሰው ልጅ አዝላ የራሷን ልጅ በስልክ የምታሳድግ እናት፣ የሌላ ሰው አባት እያጠበች የራሷን አባት ቀብር ያልደረሰች እኅት፣ ከማንም በላይ ይህን መዛል ታውቀዋለች። ስለ መዛል ማጥናት የተጀመረውም ሌላውን ሰው በመንከባከብ ሥራ ላይ ካሉ ሰዎች ነው፤ እናንተም ከእነርሱ ናችሁ። ስለዚህ «የእኔ ይብሳል» ማለት የሚጠቅመን ነገር የለም። ድካም በሚዛን ተመዝኖ ለከበደው ብቻ ዕረፍት የሚሰጥበት ሥርዓት የለምና። ይልቁንስ ልጃችሁን ከማንም በላይ ልትረዷት የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ፣ «ውጤትሽ ስንት ሆነ? መቼ ትመረቂያለሽ?» ከማለታችን በፊት «ተኝተሻል ወይ? እህል ቀምሰሻል ወይ?» እንበል። ሁለተኛ፣ አንድ ልጅ ሕክምና ስለ ተማረ የዘመድ ሁሉ ሆስፒታል አናድርገው። ከጅዳ፣ ከሪያድ፣ ከገጠር ሌሊት እየተደወለ ስለ ሆድ ቁርጠትና ስለ ውጋት ሲጠየቅ፣ ያች ያገኛት የሁለት ሰዓት እንቅልፍ ታልቃለች። ሦስተኛ፣ «በአንቺ ነው ያለሁት፤ ከወደቅሽ እሞታለሁ» የሚለውን ቃል ከአፋችን እናርቅ። ፍቅር ነው ብለን የምንናገረው ይህ ቃል ልጅን ከነሸክሙ ይጥላል። ብታልፍም ብትወድቅም ልጃችሁ መሆኗን ንገሯት። አራተኛ፣ ሞትን የሚመኝ ቃል ከሰማችሁ «አጉል ንግግር» ብላችሁ አትለፉት። ብቻዋን አትተዋት፤ ቅርብ ያለ ሰው ይድረስላት፣ የአእምሮ ሐኪምም ይያት። አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። በሳዑዲ ያላችሁም የጤና ሚኒስቴሩ የስልክ መስመር 937 ቀንና ሌሊት ክፍት ነው። ሐኪም ሐኪም ዘንድ ቢሄድ ነውር አይደለም።

እኛ ካህናትም ከዚህ ወቀሳ ነፃ አይደለንም። ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት ሐኪም ድካሙን ሊነግረኝ ሲጀምር «ጸልይ፣ በርታ» ብዬ አሰናብቼዋለሁ። ተመልሶ አልመጣም። ጸሎት የእንቅልፍ ምትክ ሆኖ አልተሰጠንም። በዘርዓ ክህነት ሳለን በየምሽቱ በተወሰነው ሰዓት ደወል ተደውሎ መብራት ይጠፋ ነበር፤ በዚያን ጊዜ እንደ ቅጣት ቆጥሬው ነበር፤ ዛሬ ጥበብ እንደነበረ ገብቶኛል። ነቢዩ ኤልያስም ተስፋ ቈርጦ በክትክታው ዛፍ ሥር ሞቱን ሲለምን፣ መልአኩ አልገሠጸውም፤ ምሕላ ያዝም አላለውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በልቶም እንደ ገና ተኛ። ስለሚቀረው ረጅም መንገድ የተነገረው ከዚህ በኋላ ነው።

ወደዚያች እናት ልመለስ። የልጇን ነገር ስነግራት መጀመሪያ ዝም አለች፤ ከዚያም አለቀሰች። «እኔም እኮ ‹ደኅና ነኝ› የምላት ውሸቴን ነው፤ ጉልበቴን ካመመኝ ሁለት ዓመት ሆነኝ» አለችኝ። በሚቀጥለው ዓርብ ለልጇ ደወለችላት። «ተኝተሻል ወይ?» አለቻት። «አልተኛሁም፣ እማዬ» አለች ልጅቱ። «እንግዲያው ዝጊና ተኚ፤ ነገ እናወራለን።»

የልጅቱ አዳር አሁንም አልቀነሰም፤ የእናቲቱም ኮንትራት አላለቀም። ነገር ግን እናቲቱ እንደ ነገረችኝ፣ በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከልጇ ጋር እንደዚያ ያለ መልካም ወሬ አውርታ አታውቅም፤ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

የደከማችሁትን ሁሉ እግዚአብሔር ያሳርፋችሁ። ሰላሙ ከሁላችሁ ጋር ይሁን።