ወደ ወረዳው የሚያደርሳቸው ሰው ያጡ ወገኖቻችን፦ የአዋቂ አካል ጉዳተኞች ድጋፍና የአጥቢያችን ድርሻ

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን የዐቢይ ጾምን አራተኛ ሳምንት መፃጉዕ ብላ ሰይማ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት በደዌ ተይዞ የኖረውን ሰው በየዓመቱ ታሳስበናለች። ይህ ሰው መጠመቂያው አጠገቡ ነበረ። የጎደለው፣ ውኃው በተናወጠ ጊዜ አንሥቶ የሚያወርደው ሰው ነው፤ ለጌታችን ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የተናገረውም ይህንኑ ነው (ዮሐ. 5)። በከተማችን ዳርቻ የሚኖሩ አዋቂ አካል ጉዳተኞችን ሁኔታ ስንመለከት ይህ ታሪክ የጥንት ብቻ እንዳልሆነ እንረዳለን። መብታቸው በሕግ ተጽፏል፤ የወረዳው ጽሕፈት ቤትም በሰፈራቸው አለ። በሁለቱ መካከል የሚያደርሳቸው ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ሰፈሩና ነዋሪው

ቱሉ ዲምቱ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙ በአፋን ኦሮሞ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። በ2007 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ – አዳማ የፍጥነት መንገድም መነሻው በዚሁ አካባቢ ነው። ከመንገዱ ወዲህ ግን በጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ከደጃቸው እንኳ መውጣት የቸገራቸው ወገኖች አሉ። አብዛኞቹ ሕንፃዎች አሳንሰር የሌላቸው ባለ አራት ፎቅ ናቸው። በዕጣ ምደባ ለአካል ጉዳተኞች የምድር ቤት እንዲሰጥ ቢታሰብም፣ ከቤተሰቡ ጋር ተከራይቶ ወይም ዕጣው ለወላጁ ደርሶት የሚኖረው አካል ጉዳተኛ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ፎቅ ላይ ሊገኝ ይችላል።

ሌላም ችግር አለ። የሰፈሩ ነዋሪ ከከተማዋ ልዩ ልዩ ክፍሎች ተሰባስቦ የመጣ ነው። ሰው ዕቃውን ጭኖ ሲመጣ ዕድሩን፣ ማኅበሩን፣ የንስሐ አባቱንና «ልጅሽ እንዴት አደረ?» እያለች የምትጠይቀውን ጎረቤት ይዞ አይመጣም። ለጤነኛ ሰው ይህ የጥቂት ዓመታት ብቸኝነት ነው። በሰው እጅ ለሚኖር ሰው ግን የሕልውና ጉዳይ ነው።

በተለይ ስለ አዋቂዎቹ መናገር ያስፈልጋል። አካል ጉዳተኛ ሕፃን የሰውን ርኅራኄ ፈጥኖ ያገኛል። እናቱ ያዘለችው ያ ሕፃን ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ግን እርሷ አርጅታለች፤ ጀርባዋም አይችልም። የብዙ እናቶች የዘወትር ጸሎትና ሥጋት አንድ ነው፤ «እኔ ያለፍሁ ዕለት ማን ያነሣዋል?» የሚል።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት በጀት እንዲመድብ ያዛል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት ይመለከታል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል። ሀገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላ አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 28 የማኅበራዊ ጥበቃን መብት ይዟል።

በተግባርም የተዘረጉ መንገዶች አሉ። በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተሞች ልማታዊ ሴፍቲኔት መሥራት ለሚችሉ ችግረኞች የሥራ ዕድል፣ መሥራት ለማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ደግሞ ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ እንዲሰጥ የታቀደ ነው። በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በኩልም የመክፈል አቅም የሌላቸው ሰዎች መዋጮ በመንግሥት የሚሸፈንበት አሠራር አለ። የእነዚህ ሁሉ የቅርብ በር በወረዳ ደረጃ ያለው የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው።

ድጋፉ ስለ ምን አይደርስም?

የመጀመሪያው ምክንያት አለመቆጠር ነው። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በመላ ሀገሪቱ የመዘገበው አካል ጉዳተኛ 805,492 ብቻ ነው፤ ይህም ከሕዝቡ አንድ በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ዘገባ ግን የኢትዮጵያ ግምት 17.6 በመቶ ነው። የአለካክ ልዩነት እንዳለ ሆኖ፣ የክፍተቱ ስፋት ስንቶች በየቤቱ ተሸሽገው እንደሚኖሩ ይጠቁማል። ያልተቆጠረ ሰው ደግሞ በጀት አይያዝለትም።

ሁለተኛው፣ የድጋፍ ተጠቃሚዎች ልየታ በአካባቢው ሰው ጥቆማና ምስክርነት ላይ የቆመ መሆኑ ነው። አሠራሩ በመልካም ጉርብትና ላይ ሲመሠረት መልካም ነው። ጎረቤት ከጎረቤት በማይተዋወቅበት አዲስ ሰፈር ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ሰው ማን ይጠቁመዋል? በዚህ ላይ «የኀጢአት ውጤት ነው» የሚለው አጉል አመለካከት ቤተሰቡን አሳፍሮ በሩን ያዘጋል። ጌታችን ግን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ሲጠየቅ ኀጢአቱ የእርሱም የወላጆቹም አለመሆኑን በግልጽ መልሷል (ዮሐ. 9)። ጥር 24 ቀን ሰባረ አጽሙን የምናከብርለት ጻድቁ አባታችን ተክለ ሃይማኖትም በቅዱስ ሥዕሉ በአንድ እግሩ ቆሞ ነው የምናየው። የአካል መጉደል በቤተ ክርስቲያን ፊት ነውር ሆኖ አያውቅም።

ሦስተኛው የማስረጃው ጉዞ ነው። የነዋሪነት መታወቂያ፣ የሕክምና ማስረጃ፣ የቤተሰቡ የኑሮ ሁኔታ መረጃ ሁሉ ይጠየቃል። ለጤነኛው ሰው የሦስት ቀን ምልልስ የሆነው፣ ለአካል ጉዳተኛው የሚደግፈው ሰውና የመኪና ኪራይ ይጠይቀዋል። «ነገ ተመለስ» የሚለው አንድ ቃል የወሩን ገንዘብ ይጨርሳል።

እውነቱን ለመናገር፣ ከዚህ ሁሉ ደክሞ የደረሰውም «ኮታው ሞልቷል» ሊባል ይችላል፤ የወረዳ አቅም ውሱን ነውና። ቢሆንም ጥያቄው በጽሑፍ ገብቶ፣ መልሱም በጽሑፍ መወሰዱ ከንቱ አይደለም። በመዝገብ የሰፈረ ችግር ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ማስረጃ ይሆናል፤ ቅሬታ ለማቅረብም መሠረት ነው። በቃል ተጠይቆ በቃል የተመለሰ ግን እንዳልነበረ ይቀራል።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

በአዲስ ሰፈር ከዕድር ቀድማ የምትተከለው አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ናት። ካህኑ ጸበል ሊረጭ በየቤቱ ይገባል፤ ማንም የማያየውን የውስጥ ክፍልም ያያል። የምሥጢረ ንስሐ ክብር ተጠብቆ፣ በባለቤቱም ፈቃድ፣ በየቤቱ ያሉትን ወገኖች ለይቶ ለሰበካ ጉባኤው ማሳወቅ ይቻላል። በቃለ ዓዋዲው መሠረት ሰበካ ጉባኤ ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች የተወከሉበት አካል ስለሆነ ሥራውን ለመከፋፈል ይመቻል። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ማመልከቻ በመጻፍ፣ ማስረጃ በማሟላትና ተሸክሞ በማድረስ ሊያግዙ ይችላሉ። ስለ ራሱ መናገር የሚችለውን ሰው ግን ራሱ ይናገር እንጂ በእርሱ ቦታ አንናገርለት።

ምጽዋታችን መብቱን እንዳይተካም እንጠንቀቅ። በወርኃዊው በዓል ደጀ ሰላም ላይ የምንዘረጋው ብር መልካም ነው፤ የወር ቀለብና የመድኃኒት ዋስትና ግን አይሆንም። ምጽዋቱን ሳንተው፣ የሚገባውን ድጋፍ እንዲያገኝ አብረነው እንቁም።

በየወረዳው በአገልጋይነት የተቀመጣችሁ ምእመናን ሆይ፣ የእናንተም ወንበር የአገልግሎት ስፍራ ነው። ደረጃ መውጣት ለማይችል ባለ ጉዳይ ወርዶ ማነጋገር አዲስ መመሪያ አይጠይቅም። እኛም ወደ ራሳችን እንመልከት። የቤተ መቅደሳችን ደረጃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጣው መወጣጫ አለውን? መስማት የተሳነው ምእመን በአጥቢያችን ስብከቱን በምልክት ቋንቋ ያገኛልን? ወረዳውን የምንጠይቀውን በደጃችን ካልጀመርን ቃላችን ክብደት ያጣል።

በቅፍርናሆም ሽባውን የተሸከሙት አራት ሰዎች በሩ በሕዝብ ተጨናንቆ ባገኙት ጊዜ ጣሪያውን ነድለው አወረዱት እንጂ ይዘውት ወደ ቤቱ አልተመለሱም (ማር. 2)። ቱሉ ዲምቱም የሚሻው እንዲህ ያሉ ተሸካሚዎችን ነው። ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ፣ ከበላያችን ያለውን ፎቅ ወጥተን አንድ በር እናንኳኳ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።