ደላላው የማን ነው?



ስለ ቤት ግዢና ስለ ደላላ ያለኝን አሳብ በጋዜጣችሁ የአንባቢያን አምድ ላይ እንድታወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ የሚመለከተው በውጭ አገር ቤት የሚገዙትን ወገኖቻችንን ነው። አንዳንድ አንባቢ፣ «እኛ በወር ደመወዝ የምንኖር የመንግሥት ሠራተኞች ከውጭ አገር ቤት ጋር ምን አገናኘን?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ከእኛ መካከል በደመወዙ በዋሽንግተን ወይም በለንደን ቤት የሚገዛ አይገኝም። ዳሩ ግን በየቢሮው ከተቀመጥነው መካከል ልጁ ወይም ወንድሙ፣ እኅቱ ወይም የአክስቱ ልጅ በውጭ አገር የማይኖርበት ሰው ጥቂት ነው። እነዚህም ዘመዶቻችን ቤት ሊገዙ ባሰቡ ጊዜ አስቀድመው አሳባቸውን የሚያካፍሉት ለእኛ ነው። እኛም የምንሰጣቸው ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም «እስከ መቼ በሰው ቤት ትኖራለህ? ቶሎ ግዛ እንጂ» የሚል ነው። ይህ ምክር ከፍቅር የመጣ ቢሆንም ከገዢው ይልቅ የሚጠቅመው ደላላውን ነው ብዬ ስለማምን ይህን ደብዳቤ ጻፍሁ።

ስለ ደላላ በመካከላችን ሁለት ዓይነት አሳብ አለ። አንደኛው «ደላላ ሌባ ነውና ራስህ ፈልገህ ግዛ» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «የአገራችን ልጅ ነው፤ አማርኛም ይናገራል፤ እርሱ ፈርም ባለህ ላይ ፈርም» የሚል ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም አሳቦች ሰውን ወደ ጉዳት ያደርሳሉ።

ላገሩ እንግዳ ለሰው ባዳ የሆነ ገዢ ያለ አገናኝ ቤት መግዛት ይቸግረዋል። አብርሃም ሚስቱን ሣራን የሚቀብርበት ቦታ በፈለገ ጊዜ በኬጢያውያን አገር መጻተኛ ነበረና በቀጥታ ወደ ባለ ርስቱ ወደ ኤፍሮን አልሄደም። የአገሩ ሰዎች ስለ እርሱ ኤፍሮንን እንዲያነጋግሩለት ለመነ እንጂ። ነገር ግን የዋጋውን 400 ሰቅል ብር በእነዚያ አገናኞች እጅ በስውር አልሰጠም፤ በከተማው በር ሁሉም እየሰማ መዝኖ ከፈለ፤ እርሻውም፣ ዋሻውም፣ ዛፎቹም ተለይተው ጸኑለት። ይህ ታሪክ በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲነገረን የቀብር ታሪክ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን አንድ እንግዳ ሰው ርስት እንዴት እንደሚገዛ የሚያስተምር ነው። በአገናኝ መጠቀም አያሳፍርም፤ አገናኙ የማን እንደ ሆነ ሳይጠይቁ መከተል ግን አደገኛ ነው።

ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበትን የአሜሪካን አገር እንመልከት። በዚያ አገር የቤት ደላላ ትምህርት ተምሮ፣ ፈተና አልፎ፣ ከሚሠራበት ግዛት ፈቃድ የሚቀበል ሰው ነው። ፈቃዱ የጸና መሆን አለመሆኑን ማንም ሰው ከግዛቱ መሥሪያ ቤት መዝገብ ሊያይ ይችላል። ይህ መልካም ሥርዓት ነው። ሆኖም ፈቃድ ያለው ሁሉ የገዢው አገልጋይ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. እስከ 1990ዎቹ ድረስ በብዙ ቦታ ገዢውን በመኪናው ይዞ ቤት የሚያሳየው ደላላ በሕግ የሻጩ ወኪል ነበር። ገዢው ግን አብሮት ስለሚውል የራሱ ሰው ይመስለው ነበር፤ «እስከዚህ ድረስ መክፈል እችላለሁ» ብሎ ምስጢሩን የነገረው ለባላጋራው ወኪል ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ለገዢው ብቻ የሚቆም ደላላ እየተለመደ መጣ።

የክፍያው ነገር ግን እንደ ቀድሞው ቆየ። የኮሚሽኑ ልማድ በጠቅላላው ከቤቱ ዋጋ ከመቶ 5 ወይም 6 ሆኖ፣ ከሽያጩ ገንዘብ ላይ ተነሥቶ የሻጩና የገዢው ደላሎች ይካፈሉት ነበር። ስለዚህ ገዢው «ለእኔ ደላላ በነጻ ነው» ይል ነበር። እኔ መምህር ነኝና ይህን በሒሳብ ላሳይ። የ500,000 ዶላር ቤት ሲሸጥ ከመቶ 6 ማለት 30,000 ዶላር ነው፤ ለሁለት ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ 15,000 ይደርሰዋል። ይህን ገንዘብ ሻጩ ከኪሱ የሰጠ ቢመስልም ገንዘቡን ያመጣው ገዢው ነው። ደግሞም የገዢው ደላላ ተከራክሮ ዋጋውን ወደ 480,000 ዝቅ ቢያስደርግ ገዢው 20,000 ዶላር ሲያተርፍ ደላላው ከራሱ ድርሻ 600 ዶላር ያጣል። እንግዲህ ለጌታው በታመነ ቍጥር ገቢው የሚቀንስበትን ሎሌ ታማኝነት በአማርኛው ጥራት ብቻ መመዘን አይገባም። በዚህ ሁሉ ውስጥ ለጌታቸው የሚታመኑ ብዙ ደላሎች መኖራቸውን አልክድም፤ ነገር ግን የእነርሱ ታማኝነት ከጠባያቸው የመጣ ነው እንጂ ከአከፋፈሉ የመጣ አይደለም።

ይህን ነገር ሻጮች ራሳቸው ፍርድ ቤት አደረሱት። ጥቅምት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በሚዙሪ ግዛት በካንሳስ ሲቲ የተቀመጡ የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኝነት ሰሚዎች፣ ብሔራዊው የቤት ደላሎች ማኅበርና አንዳንድ ታላላቅ የድለላ ድርጅቶች ኮሚሽኑ ከፍ እንዳለ እንዲቆይ ተስማምተዋል ብለው ወደ 1.8 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ካሣ ፈረዱባቸው። ማኅበሩም በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር 418 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና ደንቡን ለመለወጥ ተስማማ። ከነሐሴ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በደላሎቹ የጋራ የቤቶች መዝገብ ላይ ለገዢው ደላላ የሚከፈለውን ኮሚሽን መጻፍ ቀረ። በዚህ መዝገብ የሚጠቀም ደላላም ገዢውን ይዞ ቤት ከማሳየቱ በፊት ዋጋው ስንት እንደ ሆነ በግልጥ የተጻፈበት ውል ከገዢው ጋር መፈራረም ግዴታው ሆነ። ሻጩ የገዢውን ደላላ ዋጋ ልክፈል ቢል አልተከለከለም፤ ነገር ግን ካልከፈለ ዕዳው በውሉ መሠረት በገዢው ላይ ሊወድቅ ይችላል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው፣ ከእንግዲህ በዚያ አገር ዘመዳችን ቤት እንዲያይ ሲጋበዝ አስቀድሞ የሚቀርብለት ወረቀት ይህ ውል ነው። ስለዚህ ዋጋውን መከራከር፣ ውሉም ለስድስት ወር ሳይሆን ለአጭር ጊዜ እንዲሆን መጠየቅ የሚችለው ከመፈረሙ በፊት ነው። ኮሚሽኑን የወሰነ ሕግ የለምና።

ጥድፊያ የሚያስከትለውን ጉዳት ከቤተ ሰቤ ባየሁት ላስረዳ። አንድ የቅርብ ዘመዴ በ2013 ዓ.ም. በሜሪላንድ ግዛት ቤት ሲገዛ፣ የአገራችን ልጅ የሆነ ደላላው፣ «ገዢዎች ተሰልፈዋል፤ ቤቱ ይመርመር ካልህ ይቀድሙሃል» ብሎ በባለሙያ የማስመርመር መብቱን እንዲተው መከረው። ከዚህም ሆነን እኛ በስልክ «ዕድሉ እንዳያመልጥህ» እንለው ነበር። ጥቂት መቶ ዶላር የሚፈጅ ምርመራ ቀረ። በሚመጣው ክረምት ዝናብ ከመሠረቱ ሥር ገብቶ ምድር ቤቱን ሞላው። ማሳደሻው ለእናቱ የዓይን ሕክምና ብሎ ያስቀመጠውን ገንዘብ በላ። እናቱም ሕክምናዋን ሁለት ዓመት ጠበቀች። ደላላው ሕግ ጣሰ ለማለት አልችልም፤ የፈረመው ዘመዴ ነው። ነገር ግን ደላላው ኮሚሽኑን በውሉ መዝጊያ ቀን ተቀብሎ ሄዷል፤ ውኃውን እየቀዳ ያደረው ገዢው ነው።

ስለ አገር ልጅነት አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው አማርኛ ተናጋሪ ደላላ የሚፈልገው «ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር አሳየኝ» ለማለት ነው። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ወገኖቻችን በብዛት ስለሚኖሩ ጥያቄው የሚያስገርም አይደለም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ ደላላ ሰውን በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በትውልድ አገሩ እየለየ ወደ አንድ ሰፈር እንዳይመራ ይከለክላል። እንግዲህ ሕግ አክባሪው ደላላ ይህን ጥያቄ ሳይመልስ ቢቀር ኰራብን ማለት አይገባም። ቤተ ክርስቲያንና ገበያ የት እንዳለ ገዢው ራሱ ተዘዋውሮ ይወቅ። እ.ኤ.አ. የ1974ቱ የቤት ግዢ አፈጻጸም ሕግ ደግሞ ደላላ ገዢውን ወደ አበዳሪ ወይም የባለቤትነት ማረጋገጫ ወደሚሰጥ ድርጅት ስለ መራ ብቻ በስውር ጉርሻ እንዳይቀበል ከልክሏል። ስለዚህ «ከዚህ ድርጅት ሌላ አትሂድ» የሚል ደላላ ቢገኝ ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ይህ የአሜሪካ ሥርዓት በሌላ አገር የሚሠራ እንዳይመስለን። በእንግሊዝ አገር ቤት አስተዋውቆ የሚሸጠው ደላላ የሻጩ ነው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ሻጩ ነው። ገዢው የሚቆምለትን የሕግ ባለሙያና ቤቱን የሚመረምርለትን ባለሙያ በራሱ ገንዘብ ይቀጥራል። ውል እስኪለዋወጡም ድረስ በቃል የተደረገው ስምምነት ሁለቱንም አያስርም። በዱባይ ደግሞ ያለቀ ቤት የሚገዛ ሰው ራሱ ለደላላው ከመቶ 2 ያህል መክፈል የተለመደ ሲሆን፣ ገና በሚሠራ ሕንፃ ላይ ግን ደላላውን የሚከፍለው ሕንፃውን የሚሠራው ድርጅት ነው። እንግዲህ የዱባይ ደላላ ያልተሠራውን ቤት ከተሠራው አብልጦ ሲያመሰግን የምስጋናውን ምንጭ ማሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የዱባይ ሕግ ቍጥር 8 የገዢው ገንዘብ በልዩ የአደራ ሒሳብ እንዲገባ ያዘዘው ስለዚህ ዓይነቱ ሥጋት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ምክር ሦስት ጥያቄ ነው። አንደኛው «የማን ነህ?» የሚል ነው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች አንድ የድለላ ድርጅት ሁለቱም ወገኖች በጽሑፍ ከፈቀዱ ለሻጭም ለገዢም ሊቆም ይችላል። ዋጋ እንዲወደድ የሚሻውንና እንዲረክስ የሚሻውን በእኩል ማገልገል ግን ለሰው ልጅ ይከብዳልና እሺ ከማለት በፊት ማሰብ ይገባል። ሁለተኛው «የሚከፍልህ ማን ነው? ስንትስ ነው?» የሚል ነው፤ መልሱም በጽሑፍ ይሁን። ሦስተኛው «ገንዘቤ በማን እጅ ይቀመጣል?» የሚል ነው። ቀብዱ በአደራ ሒሳብ ይገባል እንጂ በደላላው ኪስ አይገባም። ደግሞ በዚህ ዘመን ሌቦች በደላላው ወይም በሕግ ባለሙያው ስም በኢሜይል ሐሰተኛ የባንክ ሒሳብ ቍጥር እየላኩ የሰው የዕድሜ ልክ ጥሪት ስለሚወስዱ፣ ገንዘብ ከመላኩ በፊት አስቀድሞ በሚያውቀው የስልክ ቍጥር ደውሎ ማረጋገጥ ያሻል።

ለእኛም ከተማ ቢሆን ነገሩ ሩቅ አይደለም። በውጭ አገር ያለው ወንድማችን በአዲስ አበባ ቤት ሊገዛ ሲያስብ እንግዳው እርሱ፣ አገናኙ እኛ እንሆናለን። በእኛ ልማድ ደላላ ከሻጭም ከገዢም ኮሚሽን ሲቀበል ይታያል፤ እንግዲህ የማን እንደ ሆነ መጠየቁ ከዚያ ይልቅ እዚህ ይብሳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዘዘው በከንቱ አይደለም። ውክልና የተቀበልን ዘመዶችም ካርታውን፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ሳናጣራ፣ ለደላላውም የተከፈለውን ሳናስመዘግብ ገንዘብ ብንከፍል፣ በደላላው ላይ የምናወርደው ወቀሳ በእኛም ላይ ይደርሳል። ደላሎችም ሥራቸው እንዲከበር ቢሹ ስማቸው በመዝገብ፣ ዋጋቸው በጽሑፍ፣ ወገናቸውም በግልጥ የታወቀ እንዲሆን ራሳቸው ቢጠይቁ ይጠቀማሉ እንጂ አይጐዱም።

እንግዲህ አንባቢያን ሆይ፣ ከባሕር ማዶ ያለ ልጃችሁ ወይም ወንድማችሁ «ቤት ልገዛ ነው» ባላችሁ ጊዜ እልል ከማለታችሁ በፊት «ደላላው የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ስለ ምርቃቱ ቤቱ ከተመረመረ በኋላ ይደርሳል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር፤
ከአዲስ አበባ።